ነጆ ድረስ የሚሄድ ጠፋ

እ.ኤ.አ. በ1964 አስቴር ጋኖ የሚባሉ አዛውንት አረፉ። ዕድሜያቸው ዘጠና ሁለት ገደማ ነበር። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። የእኚህን ሴት ታሪክ መዝግቦ ያቆየልን የሚሲዮናውያን መዝገብ ነውና ቁጥሩንም ከእነሱ መበደር ግድ ሆነብኝ።)

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1963፣ አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተከፍቷል። በዚያው ዓመት ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ሥርጭቱን ጀምሯል። መቅረጫ ያለው፣ ባለሙያ ያለው፣ ያውም አስቴር ዕድሜያቸውን ሙሉ ካገለገሉት ከሉተራን ወገን የተቋቋመ ጣቢያ ነው። አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን ያሳተመው በዚያው ሰሞን ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሊወጣ ሁለት ዓመት ያህል ቀርቶታል። ተመራማሪ ነበረ፣ መቅረጫ ነበረ፣ ደራሲ ነበረ፤ የሚጠየቁትም ሴት ነበሩ። የጠፋው ተነሥቶ ወለጋ፣ ነጆ ድረስ የሚሄድ ሰው ነው።

አስቴር ማን ናቸው ለሚለኝ አንባቢ ከልጅነታቸው ልጀምር። 1872 አካባቢ ተወለደች። ገና ልጅ ሳለች በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወደቀች። ከዚያ ወደ ባሕር ተነዳች። በ1886 ወደ ዐረብ ምድር ልትሸጥ በጀልባ ስትሻገር የጣልያን መርከቦች ጀልባዋን ያዟት፤ ልጅቷም ነፃ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባለው ስፍራ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረ፤ እዚያ ገባች። ፊደል ቆጠረች። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ይህች ከጀልባ የወረደች ልጅ በአፍ መፍቻዋ በኦሮምኛ መጻሕፍት ከሚያዘጋጁት ሰዎች ዋነኛዋ ሆነች።

ሥራው በሚጠራበት ስም የምናውቀው ግን ኦኔሲሞስ ነሲብን ነው። ኦኔሲሞስ የኢሉባቦር ሰው ነው፤ እሱም በልጅነቱ ከእናቱ ተነጥቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ ምጽዋ የደረሰ፣ በ1870 ነፃ የወጣ፣ ስዊድን ሄዶ የተማረ። ትምህርቱን ጨርሶ በ1881 እንደተመለሰ ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሣ። የተመረጠው መንገድ በሱዳን ዞሮ ዓባይን ሽቅብ የሚከተለው ነበር። ቡድኑ አሶሳ ድረስ ዘለቀ። ከዚያ ወዲያ ማለፍ አልሆነም። ኦኔሲሞስ በንዳድ ተይዞ፣ ጓደኞቹም ተዳክመው ወደ ኋላ ተመለሱ፤ በሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲደርሱ የማህዲ ዐመፅ ተቀጣጥሎ ጠበቃቸው። በሸዋ በኩል የተሞከረውም ሁለተኛ ጉዞ አልሰመረም። ኦኔሲሞስ ዞሮ ዞሮ እምኩሉ ቁጭ አለ።

እኔ ያደግሁት ከአሶሳ በመለስ ባምባሲ ነው፤ ስለዚህ ይህችን የአሶሳ ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በዚያ ዓመት በሩ ተከፍቶለት ቢሆን ኦኔሲሞስ ወለጋ ገብቶ ይቀር ነበር። እምኩሉ አይመለስም፤ በ1886 ከጀልባ የወረደችውን ልጅ አያገኛትም። መጽሐፉ ቢሠራ እንኳ የሚሠራው ያለ እሷ ነበር። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጣቸው የእኛ አገር መንገድ መዘጋት ነው። አንድ ደራሲ ተቀምጦ ቢያስብ እንዲህ ያለ አጋጣሚ አይመጣለትም፤ ቢመጣለትም አርታኢው «ይኼስ በዛ» ብሎ ይሰርዝበት ነበር።

ጠረጴዛው ላይ የሆነውን እንመልከት። ኦኔሲሞስ ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ነው። ከዚያ በኋላ የኖረው በሌሎች ቋንቋዎች ውስጥ ነው። ኦሮምኛውን ያልረሳው በብርታቱ ቢሆንም፣ ለሽማግሌ ሸንጎ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለእርሻ የሚሆነው ቃል ሁሉ በልጅ ጆሮ አይሰበሰብም። አስቴር ግን ቋንቋውን ይዛው ነው የሄደችው። ስለዚህ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማዘጋጀቱ ሥራ ለእሷ ተሰጣት፤ በ1893 እምኩሉ የታተመው አዲስ ኪዳን የተቃናው በዚያ መዝገበ ቃላት ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ወደ ኦሮምኛ መለሰች። እንቆቅልሹን፣ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ዘፈኑን፣ በጠቅላላው አምስት መቶ ያህል፣ ከትዝታዋ እየቀዳች ጻፈች። ከዚያ ውስጥ ብዙው በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ገባ። መዝሙር ሲሰበሰብ ከሰብሳቢዎቹ አንዷ ነበረች። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1897 ተጠናቅቆ በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ባለችው በቅድስት ክሪሾና ታተመ። የታተመውም በግዕዝ ፊደል ነው። እኔና አንተ፣ አንቺም፣ ትርጉሙ ባይገባን እንኳ ከዳር እስከ ዳር ልናነበንበው የምንችለው ፊደል ነው፤ «ጽሑፉን ማንበብ አንችልም ነበር» የሚል ምክንያት የለንም።

የውስጥ ገጹ ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ።

ኦኔሲሞስን ሌባ ማለቴ አይደለም። ሰውየው የከፈለውን ዋጋ የከፈለ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1931 ድረስ ሲያስተምር የኖረ ነው። ስም የሚጻፍበትን ወግ ያወጣውም እሱ አይደለም። ሚሲዮኑ ወደ አውሮፓ ሪፖርት ሲልክ የሚፈልገው አንድ ጀግና ነው፤ ሰባኪ፣ ተርጓሚ፣ ወንድ። ሴቲቱ በሪፖርቱ ውስጥ «ረዳት» ትሆናለች። ረዳት ደግሞ ይመሰገናል እንጂ ስሙ ሽፋን ላይ አይወጣም። በዚያው ሰሞን፣ በ1900፣ ፓሪስ ላይ ኮሌት የምትባል ወጣት የጻፈችው ልብ ወለድ በባሏ በዊሊ ስም ታትሞ ገበያውን አጥለቅልቆት ነበር። ዊሊ ግን አውቆ የነጠቀ ነጋዴ ነው። ኮሌት ኖራ፣ ተከራክራ፣ ስሟን አስመልሳ፣ በፈረንሳይ ደራስያን መካከል ትልቅ ወንበር ይዛ ሞተች፤ በ2018 ፊልም ተሠራላት። የእኛዋ ነጣቂ አልነበረባትም፤ የነበረባት ቸልታ ነው። ቸልታን ደግሞ ፍርድ ቤት አቁመህ አትከሰውም።

ነገሩ በአስቴር የተጀመረም አይደለም። የወለተ ጴጥሮስን ገድል አስቡት። ቅድስቲቱ በ1642 አረፉ፤ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድላቸውን ጻፈ። በእሱ እጅ ይጻፍ እንጂ በገድሉ ውስጥ ያለውን የቤት ውስጥ ወሬ፣ የመነኮሳይያቱን ጠብና ፍቅር፣ የሕመማቸውን ጣር አንድ መነኩሴ በጓሮ አልፎ አላየውም። አብረዋቸው የኖሩት እናቶች ናቸው የነገሩት። የጣና ዳር ሴቶች ነገሩ፤ ስሙ የገላውዴዎስ ሆነ። ያም ሆኖ እሱ ቢያንስ ሳይረፍድ ጠይቋል። ነጋሪዎቹ በሕይወት ሳሉ ብራናውን ይዞ ተቀምጧል። እኛ ለአስቴር ይህንንም አላደረግንም።

ቁጭቱ የሚከረክረኝ እዚህ ላይ ነው። አስቴር በ1904 ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ። እሱ ነቀምቴ፣ እሳቸው ነጆ። ያስተማሩት ነጆ ነው። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ኖሩ። ስድሳ ዓመት! ሦስት ነገሥታት፣ አንድ ወረራ፣ አንድ ስደትና መመለስ ያየ ዕድሜ። እዚያ ዘመን ውስጥ በየትኛውም ዓመት አንድ ሰው ደብተር ይዞ «እማማ፣ ያን ጊዜ እምኩሉ ላይ ስትሠሩ ይህን ምዕራፍ ያቃናችሁት እንዴት ነበር? ክርክር ሲነሣ የማን ቃል ይጸድቅ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ወርቅ በሚታጠብበት አገር ያደግሁ ሰው ይህን ተረት ስሰማ ሁልጊዜ እስቃለሁ፤ የአስቴርን ነገር ሳስብ ግን አልስቅም።

ምክንያት አይጠፋም። ከጣልያን በኋላ የወጣው የ1944ቱ የሚሲዮኖች ደንብ የማስተማሪያ ቋንቋው አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። የኦሮምኛው መጽሐፍ ከመደርደሪያ ወረደ፤ የሠሩት ሰዎችም አብረውት ወረዱ። ሴት መሆናቸው አንድ ግድግዳ፣ በባርነት መሸጣቸው ሌላ ግድግዳ፣ ቋንቋቸው ሦስተኛ ግድግዳ ሆነ። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ደግሞ በዚያው ዘመን ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን በገዛ ስማቸው አሳትመው፣ በ1957 ፓርላማ ገብተው ነበር። ስንዱ የተማሩት ስዊዘርላንድ ነው፤ የአስቴር የእጅ ሥራ የታተመው ስዊዘርላንድ ነው። ሁለት ኢትዮጵያውያን ጸሐፍት ሴቶች፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር። ሁለቱን አንድ ክፍል አስቀምጦ ዝም ብሎ ማዳመጥ! ይህን ሳስብ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ደራስያኖቻችንስ? የታሪክ ልብ ወለድ ሲባል ፈረሳቸውን ወዴት እንደሚያዞሩ እናውቃለን። መቅደላ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ስለ ቴዎድሮስ ተውኔት ጻፉ፤ ፀጋዬ ገብረ መድኅን ስለ ቴዎድሮስ ተውኔት ጻፈ፤ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን ጻፉ። አንዱንም አልንቅም፤ አቤን ደግሞ እወደዋለሁ። ግን መቅደላ ላይ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሞቶ አልቋል። ነጆ ላይ ነበረ። ለሙታኑ አራት አምስት ጊዜ ተጻፈ፤ በሕይወት ያለችው አንድ ጊዜ አልተጠየቀችም። የራሳቸውን ሕይወት በራሳቸው አንደበት የያዘ መጽሐፍም፣ ድምፃቸውን የያዘ ክርም በመደርደሪያችን የለም። ከጻፏቸው ተረቶችና ዘፈኖች ሳይታተም የቀረው ብዙ እጅ እንኳ የቆየው ኒልስ ሂላንደር በተባለው የስዊድን ሚሲዮናዊ ቤተሰብ ዘንድ ነው።

ከባምባሲ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ዳቡስን ተሻግሮ በመንዲ ወደ ነጆ፣ ከዚያ ወደ ጊምቢና ነቀምቴ ይዘልቃል። ሰላም በሆነበት ዘመን የእኛ አካባቢ ተማሪ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ የገባው በዚያ መንገድ ነው። ነጆ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ወርደን ሻይ ጠጥተናል፣ በቆሎ ገዝተናል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆነን ጥበብ ፍለጋ አዲስ አበባ ስንሄድ እሳቸው ያስተማሩባትን ከተማ በመስኮት እያየን አለፍን። በሞቱ በስንት ዓመታቸው ቢሆንም፣ ያን ጊዜ እንኳ ያስተማሯቸው ሰዎች በየቤቱ ነበሩ። «እንዲህ ያለች ሴት ነበረች» ያለን አስተማሪ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኛ ነን፤ ዛሬ እንዲህ የምንጮኸው።

ነገሩ በአስቴር ያበቃም አይደለም። እኔ የሠፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነሥተው በቁጥር ከሚጠሩት አምባዎች በአንዱ የሠፈሩ ናቸው። በዚያ አምባ ውስጥ ያደግነው በእናቶች ግጥም ነው። አገራቸውን ጥለው የመጡበትን፣ በመንገድ የቀረውን፣ በወባ የሞተውን ልጅ፣ ሁሉን በእንጉርጉሮና በሙሾ ያወጡት ሴቶቹ ነበሩ። ለቅሶ ቤት ስትገባ ወንዶቹ ራሳቸውን ይዘው ቁጭ ይላሉ፤ የሟቹን ታሪክ ቤት መትታ፣ ቃል መርጣ፣ ስም እየጠራች የምትናገረው አስለቃሿ ናት። ደራሲ ማለት ይኼ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ኋላ ከዚያ ዓይነት ግጥም አንዳንዱ ከተማ ወርዶ በካሴት ወጣ። ሽፋኑ ላይ ዘፋኙ አለ፣ አቀናባሪው አለ፣ አሳታሚው አለ። ግጥምና ዜማ የሚለው ቦታ ሲደርስ «የሕዝብ» ይላል። እዚህ አገር የአንዲት ሴት ስም በሕጋዊ መንገድ የሚቀበረው «የሕዝብ» በሚለው ስር ነው።

ባምባሲ ላይ ከእኛ ከሠፋሪዎቹ በፊት የነበሩት ማኦዎች ናቸው። የክልሉ ሕገ መንግሥት ነባር ብሎ ከሚጠራቸው አምስት ሕዝቦች አንዱ ናቸው፤ ከኮሞ ጋር ቁጥራቸው እጅግ አነስተኛ የሆነው። ቋንቋቸውን የሚናገረው በጥቂት ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው። የአንዲት ማኦ እናት ተረት እንግዲህ የቋንቋው ግማሽ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። ከዓመታት በፊት የአካባቢውን ተረትና እንቆቅልሽ ሰብስቦ በትንሽ ጥራዝ ያባዛ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ጥራዙን አይቼዋለሁ። የሰብሳቢው ስም አለ፣ የታይፒስቷ ስም እንኳ አለ፣ መቅድም የጻፉት ኃላፊ ፎቶግራፍ አለ። ተራኪዎቹ ግን «የአካባቢው እናቶች» ናቸው። ከእናቶቹ ሁለቱን ገበያ ላይ ቅመም ሲሸጡ አውቃቸው ነበር፤ ስም ነበራቸው።

ይህ ምድር ስም በመሰወር የቆየ ልምድ አለው። የአሶሳ ገዢ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ ለነገሥታቱ ከሚገብሩት ወርቅ ጋር ከበርታውም ከማኦውም ከሌላውም የተያዙ ባሪያዎች ወደ መሃል አገር ይላኩ ነበር። ሼሁ አዲስ አበባ ላይ መኖሪያ ነበራቸው፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ በስማቸው ሸጎሌ ይባላል። ከተላኩት ልጃገረዶች ስሟ ለአንድ መንገድ መታጠፊያ እንኳ የተረፈ የለችም። አስቴርም ያ ጀልባ ባይያዝ ኖሮ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ይህን ሳስብ የሠራችው ሥራ እጥፍ ይሆንብኛል፤ የተሸጠች ልጅ፣ ሰው አይደለሽም የተባለች ልጅ፣ ተቀምጣ የሕዝቧን እንቆቅልሽ አንድ በአንድ ጻፈች። ማን ጻፊ አላት? ማታ በፋኖስ ነው የጻፈችው ወይስ ከትምህርት በኋላ? ከእናቷ የሰማችው የትኛው ነው? ከባርነት ጓደኞቿስ? የረሳችውን ማንን ጠየቀች? የውስጥ ገጹ ታትሞ ሲመጣ፣ ያን አንድ ስም ስታይ ምን አለች? ምንም አላለች ይሆን? «እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብላ ይሆን? ወይስ ከልቧ ደስ ብሏት፣ እኔ አሁን የምቆጨውን ቁጭት ሰምታ ትስቅብኝ ነበር?

መልሱ ነጆ ነበረ። በአንድ አንደበት ውስጥ፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ።

አሁን አንድ ሰው የአስቴርን ልብ ወለድ ይጽፋል፤ ይጻፍ ስል ከቆዩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ጀልባውን መጻፍ ይችላል፣ መዝገብ አለው። የእምኩሉን ሙቀት ይጽፋል። የአሶሳን መንገድ ከፈለገ መጥቶ ይጠይቀኝ፣ አሳየዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ግን ከራሱ መፍጠር ይጀምራል። አስቴር ያላለችውን ያስብላታል፤ ያልተቆጣችውን ያስቆጣታል፤ የነጆን ስድሳ ዓመት በሦስት ገጽ አልፎ ሞቷን ይጽፋል። ንግግሯ የእሱ ንግግር ይሆናል። መጽሐፉ ሲታተም ደግሞ ሽፋኑ ላይ የሚወጣው የእሱ ስም ነው፤ እሷ ርዕስ ትሆናለች። ሌላ መንገድ የለውም፤ እሷን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ይኖረው ነበር። የሆነው ሆኖ ይጻፍ። እኔም እየተናደድኩ እገዛዋለሁ።